የቦራ ዕጣ

ወርቅነሽ የጌሾ ነጋዴ ናት። ጋፋት አጠገብ ካለው መንደሯ ጌሾዋን በአህያ ጭና ደብረ ታቦር፣ ሐሙሲት፣ ይፋግ ትላለች፤ ገበያ አያመልጣትም። ሰው «ወርቅነሽ ቂመኛ ናት» እያለ ያማታል። ይበል! ቂም ካልያዘች ምን ልትይዝ ኖሯል? በሬዋን በዕጣ፣ ባሏን በወባ ተነጥቃለች፤ ሁለቱም የአንድ ሰው እጅ ሥራ ነው።

ሰውየው ጌጡ ይባላል። በየገበያው በሬ አቁሞ፣ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት እየሸጠ «ዕጣ የወጣለት በሬውን ይነዳል!» የሚል አፈ ጮሌ። የወርቅነሽ ባል ይሻው የዋህ ነበር። ዛሬ ካልወጣልኝ ነገ እያለ ሲቆርጥ ሲቆርጥ ኪሱ ነጠፈ። በመጨረሻ ቦራን፣ ያንን ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን፣ ወርቅነሽ ጥጃ ሳለ ከአባቷ ቤት ያመጣችውን የእርሻ በሬ፣ ለዚያው ለጌጡ ሸጠና ብሩን እዚያው ዕጣ ላይ አፈሰሰው። አንድም አልወጣለትም። የሚስቱን ዓይን ማየት አፍሮ፣ ሰሊጥ አጭዳለሁ ብሎ መተማ ወረደ። የተመለሰው ወባ ጨርሶት ነው፤ ብዙም ሳይሰነብት ቀበረችው።

«ጌጡን ከርቸሌ ሳላስገባ ብቀር የይሻው አጥንት ይውጋኝ!» ብላ ማለች።

ከርቸሌ ማስገባቱ ቀላል ቢሆን ምን ነበረበት! ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ስትናገር መርማሪው «እናቴ፣ ያለ ፈቃድ ሎተሪ ማጫወት በሕግ ያስቀጣል። ግን ማን ይመስክር? የተበላ ሁሉ አፍሮ ዝም ይላል፤ የቆረጠም እጠየቃለሁ ብሎ ይፈራል» አላት።

«ቆይ ብቻ» ብላ ወጣች።

አንድ ቀን ሐሙሲት ላይ ጌሾዋን ዘርግታ ሳለ፣ ጌጡ ለዕጣ ያቆመውን በሬ ብታይ ቦራ! ዕጣው ለአንድ ጎረምሳ ወጣ፤ ጎረምሳው እሸቴ ነው፣ የጌጡ ሚስት ወንድም። በሳምንቱ ይፋግ ብትሄድ ያው ቦራ ደግሞ ለዕጣ ቆሟል። ለካ በሬው ከጌጡ ደጅ ወጥቶም አያውቅ! «አይ አንተ ሌባ! ይሻውን ከነነፍሱ ነው ለካ የቀበርኸው!» አለች በሆዷ። አልጮኸችም። አንዲት ብጣሽ ቆርጣ ፖሊስ ይዛ መጣች።

ጌጡ «ይህን በሬ ዛሬ ጠዋት ነው የገዛሁት» ብሎ ሲምል፣ ወርቅነሽ ራቅ ብላ «ቦራዬ፣ ና!» አለች። በሬው ያዡን እየጎተተ መጥቶ እጇን ላሰ። ገበያተኛው ጉድ አለ። ሐሙሲት ላይ ቆርጠው የነበሩ «ይህ እኮ ባለፈው ለእሸቴ የወጣው ነው!» እያሉ ዱላ ሲያነሡ ጌጡን ፖሊስ አስጣለው። ቦራም ለማስረጃ ፖሊስ ግቢ ታሰረ።

ክሱ ሊሰማ ሲል የደብሩ ሽማግሌ የኔታ ማሩ ከጌጡ ተልከው መጡ።

«ወርቅነሽ፣ ዳኛው ፊት ‘ዕጣው ቁማር አይደለም፣ እቁብ ነው’ በይለት። እቁብ ከተባለ ቦራ ይለቀቃል፤ ጌጡ ከነገመዱ ይሰጥሻል። ቁማር ከተባለ ግን በሬውን መንግሥት ይወርሰዋል። ክረምቱ መጣ፣ በምን ታርሻለሽ? ለነፍስሽስ? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል።»

«የኔታ፣ አንቱ ይፍቱኝ። እኔ መቼ ጸሎት ያዝሁ? ቂሙን ብቻ ነው የያዝሁ።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ ግን ሆዷ ባባ። በሬ የሌላት ሴት መሬቷን ለሌላ አራሽ የእኩል ሰጥታ የሰው እጅ ማየቷ ነው። ቦራ እጇን የላሰው ትዝ ሲላት አለቀሰች። ከዚያ ይሻው ጋቢ ተደራርቦለት ጥርሱ ሲንገጫገጭ ትዝ አላት፤ እንባዋ ደረቀ።

ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት ቀረበች። የጌጡ ጠበቃ እቁብ ነው ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ወደ እሷ ዞሩ።

«ጌታዬ፣ ብጣሽ እኔም ቆርጫለሁ፤ የሚያስቀጣኝ ከሆነ ልቀጣ። ግን እቁብ የጣለ ሁሉ በየተራው ይደርሰዋል። ባሌ ይሻው ስንቴ ጥሏል፤ ተራው መቼ ነው? እቁብ ከሆነ መቃብሩ ድረስ ይውሰድለት!»

ጌጡ እስራት ተፈረደበት፤ ብሩም በሬውም ለመንግሥት ይወረስ ተባለ። ወርቅነሽ እዚያው እልልታዋን አቀለጠችው። ዳኛው ጠረጴዛ ደበደቡ፤ ፖሊስ እጇን ይዞ አስወጣት።

ጌጡ በካቴና ሲያልፍ «አንቺስ በሬሽን አጣሽ እንጂ ምን ተጠቀምሽ?» አላት።

«ባሏን የቀበረች ሴት በበሬ ታለቅሳለች ብለህ ነው? ግባ! ብስብስ በልልኝ!»

በዚያ ክረምት ገብሷን በዶማ ቆፍራ ዘራች። እጇ ተላጠ፤ ወገቧ አልቃና አለ። ጎረቤቷ ዓይናለም አዝና «እቁብ ነው ብትይ ምን ነበረበት? ይኸኔ ቦራ ያርስልሽ ነበር» አለቻት።

«ጌጡ እንደ ልቡ እየዞረ ቦራ ቢያርስልኝ፣ እህሉ ከጉሮሮዬ ይወርድ ኖሯል?» አለችና ዶማዋን አነሣች።