እትዬ ፋንታዬ የደበቁት የሻንጣ መያዣ

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2025 ግዛቸው ከዚህ ዓለም ድካም ሲያርፍ፣ ቴክሳስ ዩለስ ከተማ ያለው ቤቱ አጥር ቀለም የተቀባው እስከ ግማሽ ብቻ ነበር። ያልተቀባው በመኪና ማቆሚያ ከሚነታረከው ጎረቤቱ ጋር የሚያዋስነው በኩል ነው። ሆን ብሎ ነው የሚሉ አሉ፤ የሚያውቁት ሰዎችም አይከራከሩም።

ሥራው የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት፣ መዛግብት እያገላበጠ ለድርጅቶች አዲስ ገበያ መፈለግ ነበር። ብዙ ፈጣሪዎች በማመልከቻቸው የሚጠቅሱትን፣ ግን ማንም አምርቶ ያልሸጠውን ዕቃ ያድናል። «ሁሉም የሚያነሳት፣ ማንም ሽማግሌ ያልላከላት ቆንጆ» ይለዋል።

ከማረፉ በፊት በነበረው ኦክቶበር ጓደኛው በየነ እዚያው አቅራቢያ ግራንድ ፕሬሪ ያለውን የብረታ ብረት ወርክሾፕ ሊዘጋ ሆነ። ዋና ደንበኛው ጥሎት ሄዷል፤ አዲስ የሚሠራው ዕቃ ካላገኘ በዓመቱ መጨረሻ ሠራተኞቹን ማሰናበቱ ነው። ግዛቸው መዝገቡን ሲያስስ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት አንድ ፓተንት አገኘ፦ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ሰው በሌላ እጁ ሻንጣ እንዳይጎትት፣ ሻንጣውን ከወንበሩ ኋላ ቆልፎ የሚይዝ ብረት። የፈጣሪዋን ስም ሲያነብ ሳቁ አመለጠው። ዲኤፍደብሊው አየር ማረፊያ መንገደኛ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገፉ የኖሩት፣ በየእሑዱ ከበየነ እናት አጠገብ የሚያስቀድሱት እትዬ ፋንታዬ ናቸው።

ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ የምን ፓተንት ብለው ካዱ።

«ሳይያዝ አይወራም ብለው ደብቀውት ነው እንጂ» አለ ግዛቸው። «መንግሥት ግን ከነሥዕሉ ለዓለም ዘርግቶታል።»

«ማን አየው?»

«ጃፓኖች አይተውታል። ያላየው በየነ ብቻ ነው።»

እትዬ ፋንታዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ። ዓይን ፈርተው ለልጆቻቸው እንኳ አልተነፈሱም ነበር፤ እንዲህ ሆኖ ነው አምራች ሳይሰማ ዓመታት ያለፉት። በድርሻ ተስማምተው በየነ እንዲያመርተው ፈቀዱለት፤ ግን የመጀመሪያው ዕቃ እስኪሸጥ ለማንም እንዳያወራ አስማሉት።

ወሬ ወዳዱን በየነን ከብረቱ ይልቅ ዝምታው ከበደው። ግዛቸው ጠዋት ጠዋት ኮል እያደረገ «አወራህ?» ይለዋል። በየነ ምላሱን ስላላመነ ሁለት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀረ። ታመመ ተብሎ ሊጠይቁት የመጡትንም ከበር መለሳቸው። ዲሴምበር ላይ በአየር ማረፊያው ወንበር የሚያስገፋ አንድ ተቋራጭ ዕቃውን ሞክሮ ወደደው፤ ትእዛዙም ጎረፈ። ከወርክሾፑ የተሰናበተ ሠራተኛ የለም።

ግዛቸው ባረፈባት ዕለት ጠዋት በየነ ብሎን አለቀብኝ ብሎ ደወለለት። ግዛቸው ሱቅ ሄዶ ሁለት ካርቶን ገዛ፣ ግራንድ ፕሬሪ አደረሰለት፣ ሲመለስ መኪናውን ቤንዚን ሞልቶ ቤቱ ገባ።