ሰው ገጨሁ እንዴ?

ታላቅ ወንድሜ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ እኔ ደግሞ ረዳቱ ነኝ። ጽሑፍ ብዙም አይሆንልኝም፣ ሰው ፊት መናገርማ ጭራሽ። በር ላይ ቆሜ ተሳፋሪ ስጠራ እንኳ ለራሴ የማወራ ነው የሚመስለው። ወንድሜ «አንተ፣ ሰው እየጠራህ ነው ወይስ እያማህ?» ይለኝ ነበር። እንዲህ ቀልደኛ ነበር። አሁን ግን ጨጓራዬን ልጦታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር «ሰው ገጨሁ እንዴ?» ይላል።

«ኧረ ጉድጓድ ነው ጋሼ።»

«አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«በደንብ አይተሃል?»

ከዚያ መኪናውን አዙሮ ይመለሳል። ጉድጓዱ እዚያው ነው፤ ሰው የለም። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ «ስዞር ገጭቼ ቢሆንስ?» ይላል። ይሄ የኛ መንገድ ደግሞ ከዳር እዳር ጉድጓድ ነው!

ተሳፋሪው ያብዳል። «ሹፌር፣ ዕቃ ረስተህ ነው?» ይላል አንዱ። «አገር አስጎብኘን ብለንሃል እንዴ?» ትላለች ሌላዋ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሂሳብ እሰበስባለሁ።

ያልሞከርነው ነገር የለም። እናታችን እንቅልፍ ማጣት ነው ብላ በጊዜ ታስተኛው ጀመር። የመኪናው ባለቤት ዓይኑ ነው ብሎ መነጽር አስገዛው፤ በመነጽር ሲያየው ጉድጓዱ ጭራሽ ሰው መሰለው። ጎረቤታችን «እውነት የገጨው ሰው ቢኖር ነው» ብሎ አወራና ያችኑ እንቅልፉን ነሳው። መጨረሻ ላይ ባለቤቱ «ከእንግዲህ አንድ ቅሬታ ብሰማ ቁልፉን ለሌላ ሹፌር እሰጣለሁ» አለ። ያኔ የወንድሜን እጅ ይዤ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ከመንዳት ሌላ ሙያ የለውም።

ሐኪሟ ሁሉንም ሰማችው። «አባዜ የሚባል ሕመም ነው። እብደት አይደለም፤ ይታከማል» አለችን። አንዱ ሕክምና ኪኒን ነው፤ በየቀኑ ይዋጣል፣ ለውጡ እስኪታይ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ወንድሜ «ዛሬውኑ የሚሠራ የለም?» አላት። «የለም።» ሌላው ልምምድ ነው፤ የሚያስፈራውን ነገር እያደረጉ ማጣራቱን መተው። ጉድጓዱን ያልፋል፣ መስታወቱን እንደማንኛውም ሹፌር ያያል፣ ግን አይመለስም። ጭንቀቱ ይመጣል፤ ካልታዘዙለት ውሎ አድሮ ይበርዳል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝም ይቻላል አለች። እሱም ሁለቱንም መረጠ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ሲጠይቅህ ምን ትለዋለህ?»

«ጉድጓድ ነው እለዋለሁ።»

«ከአሁን በኋላ አትመልስለት።»

«እየለመነኝ?»

«እየለመነህ። በመለስክለት ቁጥር ሕመሙን እየቀለብከው ነው።»

«እውነት ሰው ቢገጭስ?»

«ያኔ ጥያቄ የለም፤ መኪናው ሙሉ ይጮሃል።»

ተናደድኩ። ለሱ ብዬ ስለፈልፍ የኖርኩት ለካ ሕመሙን ስቀልብ ነው! ወንድሜ ራሱ «ብለምንህም እንዳትመልስልኝ» ብሎ ቃል አስገባኝ። ቃል ያስገባኝ ሰውዬ ግን በማግስቱ ጠዋት መሪ ሲጨብጥ ሌላ ሰው ሆነ።

ከገበያው በታች ጎማው ጓ አለ።

«ሰው ገጨሁ እንዴ?»

ዝም አልኩ።

«አንተን እኮ ነው!»

«አልመልስም ጋሼ፤ ቃል አስገብተኸኛል።»

«ቃሉን ተወው! አንዴ ብቻ ንገረኝ!»

ፍጥነቱን ቀነሰ፤ መሪውን ሊያዞር ነው። መሐል የተቀመጠች ሴትዮ አዘነችለት። «ወንድሜ፣ ጉድጓድ እኮ…» ከኋላ አንድ ሽማግሌ «አዎ ልጄ፣ እኔም በዓይኔ…» ብለው ተቀበሏት። እንዲያ ሲሰድበን የከረመ ተሳፋሪ ለደግነት ሌላ ቀን አጣ!

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፤ «ዝም በሉ!» ብዬ ጮህኩ። «ማንም እንዳይመልስለት! ሕክምናው ነው!»

«ዝም ማለት ነው ሕክምናው?» አለች ሴትዮዋ በሹክሹክታ።

«አዎ እትዬ።»

«ታዲያ ምናለ ጉድጓድ ነው ብንለው…»

«እትዬ፣ በፈጠረሽ!»

የወንድሜ አንገት በላብ ረጥቧል። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባውን ለቀቀብን። ወንድሜ ጥርሱን ነክሶ መሪውን አቀናና ወደፊት ነዳ።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሽማግሌው ሲወርዱ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አየኋቸውና ዘጉት። ሰዉ ወርዶ ሲያልቅ ወንድሜ «ጨካኝ ነህ» አለኝ።

«እሺ።»

«ሰው ፊት ገመናዬን አወጣህ።»

«እሱስ እውነትህን ነው ጋሼ።»

«አሁንም ሰው መንገዱ ላይ ተኝቶ ይታየኛል እኮ!»

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። አንጀቴን በላው፣ ደግሞም በጥፊ ባልኩት ብዬ ተመኘሁ፤ ሁለቱም ባንዴ።

ያን ቀን ሁለቴ አዙሮ ተመልሷል፤ ሌላውን ሁሉ አልፎታል። አመሻሽ ላይ ባለቤቱ መጣ፣ ቅሬታ አልደረሰኝም አለ፣ ቁልፉን ሳይቀበል ሄደ። ወንድሜ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ዞሮ አየኝ።

«ነገም ዝም ልትለኝ ነው?»

«ነገም።»

«እግዜር ይይልህ» አለኝ።