የኦቦ ጉዮ ዱላና የሞተው የነዳጅ ጌጅ

ነገሌ ቦረና ላይ አውሮፕላን በከብት ዱላ አስነስቼ አውቃለሁ። ሳቁ፤ ሚስቴም እስከ ዛሬ ትስቃለች።

ባለፈው ሳምንት በረራችን በአንዲት የተበላሸች መብራት ሲዘገይ ጎኔ የነበረው ሰውዬ "አንድ አምፖል ምን ታደርጋለች!" እያለ ተንጨረጨረ። እኔ ፈገግ አልኩ። ምን ተበላሽቶ እንደሚበረር፣ ምን ተበላሽቶ እንደማይበረር የሚናገር መጽሐፍ መኖሩን ያወቅኩት ገና ጢሜ ሳይበቅል ነው።

ያኔ ነገሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ የነዳጅ ድራም አንከባላይ ነበርኩ፤ ለራሴ ግን ኢንጂነር። በጋ ነው፣ ቀዩ አቧራ ጥርስ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። ኦቦ ጉዮ የሚባሉ ሽማግሌ ምጥ የጠናባትን ልጃቸውን ከአሬሮ በመኪና አምጥተው፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳት ትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ጥላ ሥር አስተኝተዋታል።

ካፒቴኑ መጽሐፉን ገልጦ ራሱን ነቀነቀ። "የአንዱ ታንክ ጌጅ፣ የነዳጅ መለኪያው፣ ሞቷል። መብረር ይቻላል፤ ግን ነዳጁ በዘንግ ካልተለካ አይሆንም። ዘንጋችን ተልተሌ ቀርቷል።" ታንኩን ሞልተን እንዳንገላገል ድራሜ ባዶ ነው።

"እኔ እያለሁ ካፒቴን?" ብዬ የኦቦ ጉዮን ዱላ ተቀብዬ ክንፉ ላይ ወጣሁ።

"ቁም! ምንድን ነው የሚያብለጨልጨው?"

"ቅቤ ነዋ!" አልኩ በኩራት። የቦረና ሽማግሌ ዱላው እንዳይሰነጠቅ ቅቤ ያጠጣዋል።

"ሞተሩን ገንፎ ልታበላው ነው? የነዳጁ እርጥበትስ ቅቤው ላይ የት እንደደረሰ በምን ይታየኛል?"

ሴትየዋ አቃሰተች። ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ ሜዳው መብራት የለውም።

"ኦቦ ጉዮ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ…" አልኩ ከክንፉ ላይ።

"አምጣው፣ ኢልማ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ቢላቸውን ከወገባቸው መዘዙ። "የአባቴ ነው" አሉና ያን ስንት ዓመት ቅቤ የጠጣ እንጨት ነጭ እስኪሆን ፋቁት።

ካፒቴኑ በጨርቅ ወልውሎ ታንኩ ውስጥ ነከረው። እርጥቡን በሜትር ለካ፣ ከመጽሐፉ ሰንጠረዥ ጋር አስተያየ። "ይበቃል። ይተርፋልም!"

ለሽማግሌው አውሮፕላኑ ውስጥ ወንበር አልነበረም። አቧራው ውስጥ ቆመው "ናጋን ጋሊ፣ በሰላም ግቢ" አሏት ልጃቸውን።

ታሪኩን ሳወራ ሁሌ ጀግናው እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ቀን የኔ ሥራ ቅቤ ታንክ ውስጥ ለመክተት መሞከር ብቻ ነበር።

አላመናችሁም? ያን ሌሊት የተወለደችው ልጅ ዛሬ ፊልቱ አስተማሪ ናት፤ ጠይቋት። "እኔ ምን አይቼ" ካለቻችሁ እናቷ አሬሮ አለች። መንገዱ ረጅም ነው፣ ውሃ ያዙ።