አባቴን በአንድ ዓይን መሳሌ

አባቴ ቴሌቪዥን አያይም፤ ይከራከራል። ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብላ ባለችው ቤታችን፣ ሳሎኑን ካጣበቡት የታሪክ መጻሕፍቱ መካከል ይቀመጥና የድሮ ዘመን ድራማ በመጣ ቁጥር ያዙኝ ልቀቁኝ ይላል። «ያኔ እንዲህ ያለ ጫማ የት ነበር? እስኪ ያቺን መጽሐፍ አቀብይኝ» እያለ ገጽ ይገልጣል። ድራማው ያልቃል፣ እሱ ገና ማስረጃ ፍለጋ ላይ ነው።

እኔ ልጁ ደግሞ ሠዓሊ ነኝ። አንድ የድራማ አዘጋጅ ስድስት ኪሎ ማኪያቶ ጋብዞኝ፣ «የባላባቱ አባት ተብሎ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል እፈልጋለሁ፤ ደግ ሰው ነው፣ ደግነቱ ይታይ» ሲለኝ ሞዴል ፍለጋ አልዞርኩም። ሪዙም ግንባሩም ኩራቱም እቤት አለ። ካባውን ከመጻሕፍቱ ፎቶግራፎች ራሱ አባቴ መረጠልኝ። ደስታውን አትጠይቁኝ።

ችግሩ ግራ ዓይኑ ናት። ብየዳ ቤት ሲሠራ ብረት ገብቶባት ነጭ ሆና ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ሲነሳ ፊቱን ያዞራል፤ በእህቴ የሠርግ ፎቶ ላይ ከእሱ በደንብ የሚታየው ጆሮው ነው። ስለዚህ እኔም ሳልጠይቀው በጎን ሳልኩት፤ በቀኙ፣ ደህናዋ ዓይን ባለችበት። አምሮበት ነበር፣ አዘጋጁም ወደደው።

ድራማው የሚተላለፍ ዕለት አባቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። መቀመጫ አልበቃ ብሎ መጻሕፍቱ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ነበር፤ እሱም ለዚያ ቀን ፈቀደ። ሥዕሉ ብቅ ሲል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከአባቴ ጎን የተቀመጡት አሮጊት ጎረቤታችን ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥላሴን ሲሳለሙ የኖሩ ናቸውና ዝም አላሉም።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ምን በደለሽ? በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጉ ሰው በሁለት ዓይኑ ነው የሚሳለው። በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉው ነው። ከነሰይጣን ጋር አሰለፍሽው እኮ።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። አባቴም ሳቀ፤ የእሱ ግን ቶሎ አለቀ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይህንኑ ሥዕል ትምህርት ቤት ተምሬ፣ በፈተናም ተጠይቄ ያለፍኩ ሰው ነኝ እኮ። የአባቴን ዓይን ልደብቅ ስጣደፍ ትምህርቱ ከነጭራሹ ጠፋብኝ።

እንግዶቹ ሲወጡ ጠብቄ፣ «አባዬ፣ ዓይንህ እንዳይታይብህ ብዬ ነው» አልኩት።

«ገብቶኛል» አለ። «ቤት ሙሉ ሰው ጠርቼ ፊቴን ሳላሳይ ቀረሁ አይደል?» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወንበሩን መስኮቱ ዘንድ ስቦ፣ እንደ ዳኛ ቀጥ ብሎ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ሸራዬን ወጥሬ ቀና ስል እንደ ልማዱ ፊቱን አዞረ። ከዚያ በራሱ ተናደደ መሰለኝ፣ መለሰው።

«በይ ሁለቱንም ሳዪ» አለ። «ነጯን ነጭ አድርገሽ። አንቺ ደግሞ ማሳመር ትወጃለሽ፣ እንዳትነካኪያት።»

ልጁ ነኝ፤ ከአንድ ገበታ ስንበላ ኖረን ያቺን ዓይን ፊት ለፊት ያየኋት ያን ዕለት ነው። እርሳሱን እንደያዝኩ እሷኑ ማየት ቀጠልኩ።

«ምነው? አስፈራሁሽ እንዴ?» አለ።

«አምሮብሃል» አልኩት፣ እውነቴን ነው።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለና ሳቀ። ሲስቅ ለካ ነጯም አብራ ትስቃለች።