ጠረጴዛው ላይ ትቼው የሄድኩት ደብዳቤ

ዛሬ ጠዋት፣ ሲ.ኤም.ሲ ባለው ቢሯችን፣ ከሕግ ክፍላችን ባልደረቦች ታናሿ ሐና አንድ ደብዳቤ ይዛ ገባች። «የአዲሱ ሕንፃችን የአደጋ ጊዜ መውጫ ተጠናቋል ይላል። እኔ አላየሁትም፤ አልፈርምም አልኩ። ሥራ አስኪያጁ እንግዲያው እርስዎ ይፈርሙበት ብለዋል» አለችኝ። ተቀበልኳት። እስክሪብቶ አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ። ተነስቼ መስኮት ከፈትኩ፣ ዘጋሁ።

በሃያ አራት ዓመቴ፣ ከቀበና ወንዝ በላይ እንጦጦ ግርጌ ባለ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ በሕግ ባለሙያነት ተቀጥሬ ነበር። ክፍሉ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ እኔና ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀሯቸው አለቃዬ አቶ ዘውዴ። ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሄድ ደብዳቤ ግርጌው ላይ የአንዳችን አጭር ፊርማ ከሌለበት ሥራ አስኪያጁ አይፈርምም። ያችን ጭረት ስጭር እንዴት እኮራ ነበር! ፋብሪካው በእኔ ጭረት የሚዞር ይመስለኝ ነበር።

አንድ የነሐሴ ቀን «የፍሳሽ ማጣሪያችን በሚገባ እየሠራ ነው» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ስመለስ እፈርምበታለሁ ብዬ ለምሳ ወጣሁ። ቀበና ድልድይ አጠገብ ትኩስ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልኩ ቁልቁል ሳይ፣ ያ የክረምት ድፍርስ ውሃ ቀልቶ ይወርዳል። በዚያ ሳምንት የምናቀልመው ቀይ ጨርቅ ነበር። ልብስ ሊያጥቡ የወረዱ ሁለት ሴቶች ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ቆመዋል። በቆሎውን ጣልኩት። በጭቃው እየተንሸራተትኩ ዳገቱን ወጣሁ። የማጣሪያው ሞተር ጸጥ ብሏል፤ ክዳኑ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተከምሯል።

እንደ ጨቀየሁ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ።

«ማጣሪያው አይሠራም። አልፈርምም።»

«አንቺ የማን ጠበቃ ነሽ?»

«የድርጅቱ።»

«ድርጅቱ እኮ እኔ ነኝ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ደብዳቤውን አቶ ዘውዴ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እባረራለሁ ብዬ እፈራለሁ፣ በራሴም እኮራለሁ። በማግስቱ ደብዳቤው የለም። አቶ ዘውዴ ቀና ብለው ሳያዩኝ «ፈረምኩበት ልጄ። አንቺ ገና ጀማሪ ነሽ፤ እኔ ልወጣ ነው» አሉ። እፎይ አልኩ። በዚያች እፎይታ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ተቆጣጣሪዎች መጥተው ማጣሪያው ቆሞ ሲያገኙት ሥራ አስኪያጁ «የሕግ ክፍሉ አረጋግጦልኝ ነው» ብሎ ጭረቷን አሳያቸው። አቶ ዘውዴ በጡረታ ልንሸኛቸው ባሰብንበት ወር ፖሊስ ጣቢያ ቃል ሲሰጡ ሰነበቱ። የእኔ ስም የትም የለም። የቢሮው ሰው ሁሉ «ብልህ ልጅ» አለኝ። ብልህ! የራሴን እጅ አዳንኩ እንጂ ደብዳቤውን አላስቆምኩም። ለቦርዱ መጻፍ እችል ነበር፤ ቢያንስ አቶ ዘውዴን እጃቸውን ይዤ ማጣሪያውን ማሳየት እችል ነበር። አላደረግሁትም።

አሁን እኔም ጡረታዬ ተቃርቧል። ይህን እያሰብኩ ስልኬ ጮኸ፤ የዛሬው ሥራ አስኪያጅ ነው።

«ፈረሙበት?»

«መጀመሪያ መውጫውን አየዋለሁ። ካላለቀ ለቦርዱ እጽፋለሁ።»

«ኧረ እርስዎ አይድከሙ፤ ጠረጴዛዎ ላይ ይተዉት፣ ሌላ ሰው ይፈርምበታል።»

ሐናን ጠራሁና «ነይ፣ አብረን እንየው» አልኳት። ደብዳቤውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።