ቃሉ ሌላም ቦታ ቢኖርስ

ልጄ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለ ክሊኒክ በኮምፒዩተር ሠራተኝነት ተቀጥራ የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም ነበር። ምሳዋን ላደርስ ስገባ አለቃዋ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ጉራውን ይነዛል። ኮምፒዩተሮቹ የሚታዘዙባቸው ፋይሎች ውስጥ፣ ከአንድ ቃል ሥር፣ አዲስ መስመር መጨመር ነበረበት።

«እያንዳንዱን ከፍቶ መጻፍ የሰነፍ ሥራ ነው። ለኮምፒዩተሩ የምሰጠው ትእዛዝ ራሱ ቃሉን ይፈልግና መስመሩን ከሥሩ ያስገባል» አለ።

«ቃሉ ሌላም ቦታ ቢኖርስ?» አልኩ። ጠዳ ገበያ መሀል «አያ» ብሎ ለተጣራ ሰው ሽማግሌው ሁሉ ይዞርለታል።

«እማማ፣ ምሳውን ያስቀምጡና ይሂዱ» ብሎ ሳቀ። ልጄ መጀመሪያ ኮፒ እንያዝ ብትለውም አልሰማ፤ ቁልፉን ተጫነ። መስመሩ ቃሉ ባለበት ሁሉ ገባና የካርድ ክፍሉ ኮምፒዩተሮች አንድ ሳይቀሩ ቆሙ። ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ያ ጉረኛ ወደ ልጄ ዞሮ «ምነው፣ ምን ነካሽ?» አላት።

ልጄን እንዳያስወጣብኝ እየፈራሁ ሁልጊዜ አንቱ የምለውን አለቃዋን፣ «የጻፍከው አንተ ነህ፤ እዚሁ ቆሜ አይቻለሁ» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ልጄም ሥራዋ ላይ ቀረች። እንዲህ ላለ ሰው ጎንበስ ስል መክረሜ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።