በእህቴ ፈንታ የሰጠሁት መልስ

እኔና እህቴ መንታ ነበርን። እናታችን እንኳ ከኋላ ስትጠራን ትሳሳት ነበር፤ ፊት ለፊት ግን አገጬ ላይ ባለችው ትንሽ ጠባሳ ትለየኛለች። የከተማችን የመቱ ሰው "መንቶቹ" ብሎ ከጠራን በቃው፤ ማን ማን እንደሆነች ለመለየት የሚደክም አልነበረም።

ተማሪዎች ሳለን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ባለ ቪዲዮ ቤት አንድ የድሮ ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ ፊልም አየን። አንዲት ተዋናይት ብቻዋን ሁለት መንታ እህትማማቾችን ሆና ትጫወታለች፤ አንደኛዋ የሌላዋን ልብስ ለብሳ ሰዉን ሁሉ ታታልላለች። እንግሊዝኛው ብዙም አልገባንም። ስንወጣ እህቴ ተናዳ ነበር።

"የሚወዳት ሰው እንዴት አይለያትም?" አለችኝ። "ውሸት ነው፤ ይለያል!"

ቆይቶ እሷ ነርስ ሆና ጎሬ ተመደበች። እኔ መቱ ቀርቼ ልብስ ስፌት ጀመርኩ። በየሳምንቱ እየመጣች ስለ አንድ አስተማሪ ታጫውተኛለች። ዳሪሙ ውስጥ፣ መኪና በማይደርስበት ገጠር ነው የሚያስተምረው። ላግባሽ ብሏት "ተመልሰህ ስትመጣ እነግርሃለሁ" ብላዋለች። "ምን ልትዪው ነው?" ብላት ሳቀች እንጂ አልነገረችኝም።

ከዚያ ታመመች። ሕመሙ ከሦስት ቀን በላይ ጊዜ አልሰጣትም። መቱ አምጥተን ቀበርናት።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ዕቃዋን ላመጣ ጎሬ ሄድኩ። ከሚኒባስ ወርጄ ቤቷ እስክደርስ ዝናቡ አበሰበሰኝ። ጥቁር ልብሴን አውልቄ ወንበር ላይ አሰጣሁና የእሷን ቀሚስና አረንጓዴ ሹራብ ለበስኩ፤ ፀጉሬን በሻሿ አሰርኩ። ሹራቡ እሷን እሷን ይሸታል። አልጋዋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው አንድ ረጅም ወጣት ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ሆኖ ቆሟል። አይቼው ባላውቅም ማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ስልክ በማይሠራበት አገር ነው የከረመው፤ መርዶው አልደረሰውም።

"ዝናቡ እስኪያባራ እንኳ መታገስ አቃተኝ" አለኝ እየሳቀ። "ዓይንሽ ምን ሆኗል? አሞሻል እንዴ?"

"ጉንፋን ነው" አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት እህቴን በሕይወት እንዳለች አድርጎ ያናገራት የመጨረሻው ሰው እሱ ስለነበረ ይሆናል።

የበሩ ደፍ ላይ እንደቆመ በኦሮምኛ ጠየቀኝ፤ ሁለቱ የሚጫወቱት በኦሮምኛ ነበር። "ዴቢን ኮ ሜሬ?" መልሴስ የታለ ማለቱ ነው።

ዝም ማለት እችል ነበር። እውነቱን መናገርም እችል ነበር። እኔ ግን "ቶሌ" አልኩት፤ እሺ።

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በደስታ ሲያለቅስ አየሁና የሠራሁት ነገር ያኔ ገባኝ። አፌን ልከፍት ስል አከራይዋ ትኩስ ሻይ ይዘው በጓሮ በር ገቡ።

"የኔ ልጅ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የእህትሽን ዕቃ ሰብስበሽ ጨረስሽ?" አሉኝ፤ እሱን አላዩትም።

ወደ እሳቸው ዞረ። ወንበሩ ላይ የተሰጣውን ጥቁር ልብስ አየ። ከዚያ አገጬ ላይ ያለችውን ጠባሳ።

"መቼ?" አለ፤ እኔን ሳይሆን እሳቸውን።

ነገሩት። እኔ "ይቅርታ፣ ልነግርህ ነበር..." ብዬ ጀመርኩ።

"እንዴት አላወቅሁም?" አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ቆይ፣ እሺ ያልሽው እሷ ነግራሽ ነው?" አለኝ።

አዎ ብዬው ቢሆን ምን ነበረበት ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ግን በአንድ ከሰዓት ሁለት ጊዜ ልዋሸው አልቻልኩም። "አልነገረችኝም" አልኩት።

ሳይሰናበተን በዝናቡ ሄደ። አከራይዋ የያዙትን ሻይ መሬት ላይ አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡ።

አሁን እሱ መቱ ተዛውሮ ይኖራል፤ አግብቷል፤ ልጆችም አሉት። ገበያ ላይ ካየኝ መንገድ ይቀይራል። አልፈርድበትም። መቃብሯ ላይ አበባ ያስቀምጥ እንደነበር የመቃብር ስፍራው ዘበኛ ነግሮኛል። እኔ ግን እህቴ ምን ልትመልስለት እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እናታችንም ይህን ሳልነግራት ሞተች።